ለትልቅ ሰው አሻንጉሊት መስፋት ምን ያስቃል?

በማኅበራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ቁራጭ ጨርቅ፥ የበግ ፀጉርና ትንንሽ ቃጭሎች ያላችሁ ለግሱን፤ ለአንድ ትልቅ ሰው የሚያቃጭል ለስላሳ አሻንጉሊት ልንሰፋ ነው» የሚል ወረቀት ከለጠፍን ወዲህ ሁለት ዓይነት መልስ ደርሶናል። አንደኛው በከረጢት የመጣ ጨርቅ ነው፤ ለሰጪዎቹ ምስጋናችን ይድረስ። ሁለተኛው ከወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ ተጽፎ ያገኘነው ነው፤ «ጡጦውንስ ማን ይግዛለት?» ይላል። የጻፈው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አንፈልግም። ሐሳቡ ግን የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ስለ ሆነ በዚህች ጋዜጣችን መልስ ልንሰጥበት ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ዕድሜው 31 ዓመት ነው። ከልደቱ ጀምሮ አእምሮው እንደ እኩዮቹ ስላላደገ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የሚወደውንና የሚጠላውን ግን ከማናችንም ይልቅ አጥርቶ ያውቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሆዱ ውስጥ የሚያቃጭል ብረት ያለበት የጨርቅ በግ ነበረው። ሰው ሲበዛበት ወይም ነጎድጓድ ሲያስደነግጠው በጉን ከጆሮው አጠገብ አድርጎ ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል፤ ማታም ያንኑ ድምፅ እየሰማ ይተኛል። ከሃያ ዓመት በላይ ካገለገለው በኋላ የበጉ ጨርቅ አለቀ፤ የውስጡም ብረት ዝጎ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል፤ እናቱም አብረውት ሳይተኙ ያነጋሉ። እኒህ እናት በማግስቱ ሠርተው የዕለት እንጀራ የሚያመጡ ናቸው። ስለዚህ የአንድ አሻንጉሊት መሰበር የአንድ ቤት ችግር ሆነ ማለት ነው።

እናትየው ገበያ ወጥተው ፈለጉ፤ እኛም ከእሳቸው ጋር ሁለት ቅዳሜ መርካቶን ዞርን። ያገኘነው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ፀጉሩ የለሰለሰ ትልቅ ድብ ሲሆን ድምፅ የለውም። ሁለተኛው ድምፅ አለው፤ ነገር ግን በባትሪ የሚሠራ ስለ ሆነ ሆዱን ሲጫኑት አንድ የፈረንጅ ዘፈን በጩኸት ይለቅና ሳይጨርስ አያቆምም። ሦስተኛው በእርግጥ የሚያቃጭል ነው፤ ግን ለስድስት ወር ሕፃን መዳፍ የተበጀ ስለ ሆነ በትልቅ ሰው እጅ ውስጥ ይጠፋል። አንዱ ሻጭ «የልጅዎ ዕድሜ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እናትየው እውነቱን ነገሩት። ሻጩ ሳቀ። እሳቸውም ዕቃውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡና ወጡ። እንግዲህ ከሰሌዳችን ግርጌ የተጻፈው ቀልድ የዚያ ሳቅ ወንድም መሆኑን ጸሓፊው ይወቅልን። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይኸው አይደለምን?

ደግሞም ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ መሠረት በዓለም ላይ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከ55 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከእነዚህም የሚበልጡት ሀብታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከእኛ መካከል ልጆቿን በስም መለየት ያቃታት፥ እጇ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይወድ፥ የነጠላዋን ዘርፍ ቀኑን ሙሉ የምትቋጥርና የምትፈታ አያት የሌለው ስንት ነው? በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ለእንደዚህ ያሉ ሕሙማን እጅ የሚገባበት የሱፍ ሹራብ ሠርተው፥ በውስጥና በውጭ ቁልፍና ጥብጣብ እየሰፉ ይሰጧቸዋል። እዚያ የሚሠሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራው መርፌና ክር እንጂ ፋብሪካ አልጠየቀም።

ወደ ራሳችን መኝታ ቤትም እንምጣ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ የእናቱን ነጠላ ከትራሱ ሥር ደብቆ የሚተኛ አንደኛ ዓመት ተማሪ የለምን? አለ። የሚደብቀውም ነጠላው አሳፋሪ ስለ ሆነ አይደለም፤ እኛ ስለምንስቅበት ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን ክርክር እንግባ። አንደኛው ክርክር «አሻንጉሊት የልጅ ነው» የሚል ነው። እስቲ ታሪኩን እንመልከት። በጀርመን አገር በጊንገን ከተማ ትኖር የነበረችው ማርጋሬቴ ሽታይፍ በልጅነቷ በፖሊዮ ታምማ መራመድ ስላልቻለች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ የሰፋችው ትንሽ የጨርቅ ዝሆን ለልጅ የታሰበ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዎች መርፌ የሚሰኩበት መደገፊያ ነበር። ልጆች ግን አይተው ወደዱት፥ ወሰዱትም። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሽታይፍ የአሻንጉሊት ፋብሪካ መነሻው ይኸው የትልልቅ ሰዎች ዕቃ ነው። የትልቅ ሰው ዕቃ ወደ ልጅ ሲሻገር ማንም ካልሳቀ፥ ከልጅ ወደ ትልቅ ሰው ሲሻገር የሚያስቀው ምኑ ነው?

በገዛ አገራችንስ? አንድ ሽማግሌ ጭራውን ይዞ ሲቀመጥ ዝንብ በሌለበትም ይወዘውዘዋል። መነኩሴው መቁጠሪያውን፥ ሙስሊሙ ወንድማችን ሙሰበሃውን በጣቱ ያሳልፋል። እነዚህ የጸሎት ዕቃዎች እንጂ መጫወቻዎች አይደሉም፤ እኛም ከአሻንጉሊት ጋር አንቀላቅላቸውም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የትልቅ ሰው እጅ የሚይዘው፥ የትልቅ ሰው ጆሮም የሚያርፍበት ነገር መፈለጉን አባቶቻችን አላፈሩበትም። ለለስላሳ ቃጭል ድምፅማ ከእኛ የበለጠ ማን ሊመሰክር ይችላል? ጸናጽሉ በሽቦ ላይ በሚንሸራተቱ ቅጠሎች ያቃጭላል። በጽንሐው ሰንሰለት ላይ ሻኩራ ተንጠልጥሏል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 በአሮን ቀሚስ ዘርፍ ዙሪያ የወርቅ ሻኩራ እንዲደረግ ታዟል። የእናቶቻችን የብር አልቦ ሲራመዱ ይሰማ ነበር። ይህ ሁሉ የተሠራው ለሕፃናት አልነበረም።

ሳይንሱም የሚለው ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሃሪ ሃርሎው እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት የዝንጀሮ ግልገሎችን ከእናቶቻቸው ለይቶ ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶችን ሰጣቸው፤ አንዷ ከሽቦ፥ ሁለተኛዋ በለስላሳ ጨርቅ ከተሸፈነ እንጨት የተሠሩ ነበሩ። ወተቱ በሽቦዋ ላይ በነበረ ጊዜ እንኳ ግልገሎቹ ጠጥተው ሲያበቁ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ጨርቋን አቅፈው ያሳልፉ ነበር። ሙከራው በእንስሳቱ ላይ ያደረሰው ጭካኔ ዛሬ በብርቱ ይነቀፋል፤ እኛም እንነቅፈዋለን። ያሳየው ነገር ግን ሊካድ አይችልም፤ ፍጡር በምግብ ብቻ አይጽናናም።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የእንግሊዙ የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1951 በንባብ ባቀረበውና በ1953 በታተመው ጽሑፉ፥ ሕፃን የማይለየውን ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት መርምሮ ነበር። አስተዋይ ወላጅ ልጁን «ይህን አንተ ፈጠርኸው ወይስ ከውጭ አገኘኸው?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ሊጠየቅም አይገባውም ይላል። ከዚህም በላይ፥ በውስጣችን ባለውና በውጭ ባለው ዓለም መካከል የሚገኘው ያ የዕረፍት ሥፍራ በልጅነት አይዘጋም፤ ትልቅ ሰው በኪነ ጥበብ፥ በሃይማኖትና በሳይንስ ፈጠራ ውስጥ ይኖርበታል ብሎ ያስረዳል። እንግዲህ አንዳችን በግጥም፥ ሌላችን በክራር የምናገኘውን ዕረፍት ያ ወንድማችን በጨርቅ በግ ቢያገኘው ልዩነቱ የመሣሪያ እንጂ የሰውነት አይደለም።

ሁለተኛው ክርክር ከበጎ ልብ የመጣ ስለ ሆነ በአክብሮት እንመልሰዋለን። አንድ መምህራችን «ለትልቅ ሰው አሻንጉሊት መስጠት እንደ ሕፃን መቁጠር አይሆንምን? ክብሩን አይነካምን?» ሲሉ ጠይቀውናል። ይነካል፤ በግድ ከተሰጠ፥ ወይም አሻንጉሊቱን ለማስታቀፍ ብለን ሰውን ከመጠየቅና ከማነጋገር ካረፍን ይነካል። በእጁ ጨርቅ አስይዞ ጥግ ላይ መርሳት ክብር መንሣት ነው። ነገር ግን ክብር ማለት ሌላው ሰው መምረጥ የሚገባውን እኛ መምረጥ ማለትም አይደለም። ስለዚህ ደንባችን ሦስት ነው። ዕቃው እጁ በሚደርስበት ሥፍራ ይቀመጣል እንጂ በእጁ ላይ አይጫንም። ቅርጹንና ቀለሙን ባለቤቱ ይመርጣል፤ በግ ቢፈልግ በግ፥ ትራስ ቢፈልግ ትራስ። ሲጠግበውም ያለ ክርክር ይነሣለታል።

በሌላ አገር ይህ ነገር በትልቅ መሥሪያ ቤት ደረጃ ታስቦበታል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታካኖሪ ሺባታ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የደከመበት «ፓሮ» የተባለው ዕቃ፥ ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስል፥ ሲዳስሱት የሚንቀሳቀስና ድምፅ የሚሰጥ ነጭ አሻንጉሊት ሲሆን፥ በአረጋውያን መጦሪያዎች ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እንደ ሕክምና መሣሪያ መዝግቦታል። ዋጋው ወደ 6 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ ባለ ስድስት ሺህ ዶላሩ «የሕክምና መሣሪያ» ሲባል ከተከበረ፥ በቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋው «አሻንጉሊት» ተብሎ የሚሳቅበት ለምንድን ነው? የምንስቀው በዕቃው ነው ወይስ በድኅነቱ?

ሦስተኛው ክርክር በእኛ መካከል የተለመደው ነው፤ «አገር የሚበላው አጥቶ ሳለ እናንተ ስለ አሻንጉሊት ትጽፋላችሁ!» ይላል። ይህን የሚሉት ወንድሞቻችን ለሕዝብ ማሰባቸውን እናደንቃለን። ግን ሕዝብ ማለት ማነው? በስብሰባ ላይ ስንጠራው ብዙ ነው፤ ቤት ለቤት ስንሄድ ግን አንዲት እንቅልፍ ያጣች እናትና አንድ ልጇ ነው። ለዳቦ የሚደረገው ትግል ለዚህች ቤት የሚውለውን የሁለት ቅዳሜ ሥራ አይከለክልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን በከረምቡላና በወሬ ስናሳልፍ የአገር ችግር ትዝ ያላለን ሰዎች፥ መርፌ ሲነሣ ብቻ ትዝ ቢለን ያስተዛዝባል። ደግሞም ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። በወረቀት የጸደቀው በቤት ውስጥ ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ የተማሪ ሥራ ነው።

ክርክሩን እዚህ ላይ አብቅተን ወደ አሠራሩ እንለፍ፤ የሚሠራ እጅ ያለው ያነብበው ዘንድ በዝርዝር እንጽፈዋለን።

ዋናው ችግር ድምፁ ነው። ሻኩራ ወይም የበግ ቃጭል በጥጥ ውስጥ ቢቀብሩት ጥጡ ብረቱን ስለሚነካው ድምፁ ይሞታል፤ እንዳይነካው ቢያደርጉትም ድምፁ ስለታም ስለሚሆን በሌሊት ለጆሮ ይከብዳል። መፍትሔው ዘንግ ነው። በፊላዴልፊያ ከተማ አልበርት ሾንሁት እ.ኤ.አ. በ1872 ባቋቋመው ፋብሪካ የተሠሩት የልጆች ፒያኖዎች በክር ፈንታ ብረት እየመቱ ነው ድምፅ የሚሰጡት። የፊዚክስ ተማሪዎች እንደሚያውቁት አንድ ዘንግ በአንድ ጫፉ ብቻ ጠብቆ ሲታሰር፥ ሁለቱም ጫፎቹ ነፃ ከሆኑበት ጊዜ ይልቅ ዝቅተኛው ድምፁ ከ6 እጥፍ በላይ ይወርዳል። ስለዚህ በትንሽ ሣጥን ውስጥ እንኳ ለዘብ ያለ ድምፅ ማግኘት ይቻላል።

ዘንጉን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያረጀ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ ይበቃል። ከማሰሪያው በላይ የሚቀረው ርዝመት ለመጀመሪያው 8፥ ለሁለተኛው 6.5፥ ለሦስተኛው 5.7 ሳንቲሜትር ይሁን። ርዝመቱ በግማሽ ሲያንስ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት 4 እጥፍ ስለሚሆን፥ በዚህ ልክ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 1.5 እጥፍ፥ ሦስተኛው ደግሞ 2 እጥፍ ያህል ይርገበገባል። እነዚህ በትዝታም በባቲም ቅኝት የሚገኙ ድምፆች ስለ ሆኑ ለጆሮአችን እንግዳ አይደሉም። ሦስቱ ዘንጎች በአንድ ከባድ የብረት ቁራጭ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ገብተው በቡሎን ይጥበቁ፤ ከላላ አያቃጭልም። ብረቱ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ወለል ላይ ይታሰር። በመካከላቸው በክር የተንጠለጠለ፥ በቆዳ የተሸፈነ የእንጨት ፍሬ መዶሻቸው ይሆናል። ቆዳው ዋና ነገር ነው፤ ባዶ ብረት ብረትን ሲመታ ስለታሙን ድምፅ ያወጣል፥ ቆዳ ግን ያንን ውጦ ለዘብ ያለውን ይተዋል። ሣጥኑ በአንድ ወገን ቀዳዳ ይኑረው፤ ቀዳዳው በስስ ሸማ ብቻ ይሸፈን፥ በዚያ ወገን ጥጥ አይግባ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የልብስ ሰፊ ነው። ሣጥኑ በታጠበ የበግ ፀጉር ወይም በጥጥ ይከበብ። ቁመቱ ከ30 እስከ 35 ሳንቲሜትር ቢሆን ለትልቅ ሰው ክንድ ይስማማል። በጭን ላይ ረግቶ እንዲቀመጥ ክብደት ከተፈለገ፥ የታጠበና የደረቀ አሸዋ በድርብ ስፌት በተሰፋ ከረጢት ይግባ፤ እህል ግን ነቀዝ ያመጣል፥ ሲረጥብም ይሻግታል። የላይኛው ልብስ እየወለቀ የሚታጠብ ይሁን። ዓይኑ በክር ይጠለፍ እንጂ ቁልፍ አይሰፋበት፤ ዕቃ ወደ አፉ የሚያደርስ ሰው ሊውጠው ይችላል። ባትሪ ፈጽሞ አይግባበት። ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች።

አሻንጉሊት መድኃኒት ነው አንልም። የመርሳትን በሽታ አያድንም፥ የጎደለውን አእምሮ አይሞላም። አንድ የፈራ ሰው እስኪረጋጋ ድረስ የሚይዘው ነገር ነው፤ ይህም ለያዘው ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የቴክኖሎጂ መምህራኖቻችን በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የብረትና የእንጨት ሥራ ክፍሉን ይክፈቱልን፤ አንድ መምህር ይቆጣጠረን። የፊዚክስ መምህራን የዘንጉን ስሌት ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ አድርገው ይስጡ፤ ለፈተና ብቻ የተጠና ቀመር አንድ ቀን ሰውን ሲያስተኛ ማየት ለተማሪው ትምህርት ነው። የሥነ ልቦና ክፍል ተማሪዎች ዕቃውን ከሚጠቀሙት ቤተ ሰቦች ጋር እየተነጋገሩ ምን እንደሚስማማ ምን እንደማይስማማ ይመዝግቡልን። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ደግሞ አንድ ቁም ሣጥን ይስጠን፤ ገንዘብ አንጠይቅም። ሴቶች እኅቶቻችን መርፌውን ብቻቸውን እንዲይዙ አንፈልግም፤ ወንዶቹም ቁልፋቸውን ለመስፋት ከቻሉ የበግ ጆሮ መስፋት አያቅታቸውም።

የመጀመሪያው በግ በዚህ ወር መጨረሻ ማለቅ አለበት፤ እናትየዋ እስከዚያ ድረስ የሚያነጉትን ሌሊት ማንም ሊተካላቸው አይችልም። የጎደለን አንድ የብስክሌት ጎማ፥ አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ ፍላኔልና ብረት መብሳት የሚችል ሰው ነው። ከሰሌዳው ግርጌ የጻፈው ወንድማችንም ቢመጣ በደስታ እንቀበለዋለን፤ እርሳስ መያዝ የሚችል እጅ መርፌ መያዝ አያቅተውም።